ወጣቱን ከገዛ ሕመሙ አታግልሉት



ስለ ካንሰር እንዲናገር የተጋበዘ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መከላከል ያወራል። ሲጋራ ይቅርባችሁ፣ በጊዜ ተመርመሩ፣ ልጃገረዶችን የማሕፀን በር ካንሰር ክትባት አስከትቡ ይላል። ሁሉም ተገቢ ምክር ነው። እኔ ግን ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት በሚሰጥበት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። እኔ ዘንድ የሚደርሰው ሰው መከላከሉ አልፎበታል፤ ናሙናው ተወስዶ፣ ውጤቱ ወጥቶ፣ መድኃኒቱ ሊጀመርለት ነው። የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ጅማሬ ነው፤ በተለይ በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜያቸው ላይ ሳሉ ይህ ስለሚገጥማቸው ሰዎች።

የምለውን ከወዲሁ ልናገርና ቀሪውን ጊዜ ለማስረዳት ልጠቀምበት። ወጣት ታማሚን ከበሽታው ቀጥሎ የሚጎዳው በገዛ ጉዳዩ ላይ ባዕድ መደረጉ ነው። ውጤቱን ሌላ ሰው ይሰማለታል፤ ውሳኔውን ሌላ ሰው ይወስንለታል፤ ፍርሃቱን ሊናገር አፉን ሲከፍት ደግሞ «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም» ተብሎ ይዘጋበታል። ይህን ሁሉ የምናደርገው ከፍቅር የተነሳ ነው። ልጁ ግን በዘመድ ተከቦ ብቻውን ይቀራል። ልቡ የሚጸናው ጉዳዩ ለእሱ ሲመለስለት ነው እላለሁ።

በሕክምናው ዓለም ከ15 እስከ 39 ዓመት ያሉ ታማሚዎች ለብቻቸው የሚታዩበት ምክንያት አለ። የሚይዛቸው የካንሰር ዓይነት ከሕፃናቱም ከአረጋውያኑም ለየት ይላል። ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር፣ የደም ካንሰር፣ የአጥንት ካንሰር፣ የወንድ የዘር ፍሬ ካንሰር፣ የታይሮይድ ካንሰር በዚህ ዕድሜ ይታያሉ። በሴቶች ላይ የጡትና የማሕፀን በር ካንሰር ይጨመራል። በአገራችን የጡት ካንሰር ይዟቸው የሚመጡት ሴቶች ከአውሮፓ ታማሚዎች ጋር ሲነጻጸሩ በዕድሜ በጣም ያነሱ ናቸው፤ ብዙዎቹ ገና ልጅ በማሳደግ ላይ ያሉ ናቸው።

ወጣትነት ደግሞ ምርመራውን ያዘገየዋል። የ22 ዓመት ልጅ አንገቱ ላይ እብጠት ቢያወጣ ካንሰር ነው ብሎ ማን ይጠረጥራል? መጀመሪያ የጥርስ ነው ይባላል፤ ቀጥሎ የንፍፊት ቲቢ ነው ተብሎ ለወራት የቲቢ መድኃኒት ይወስዳል። ቲቢ በአገራችን የበዛ ስለሆነ ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ነገር ግን ናሙና ተወስዶ የበሽታው ትክክለኛ ስም እስኪገኝ ድረስ ልጁ ስንት ክሊኒክ ዞሯል፤ ቤተሰቡ ጥሪቱን አሟጧል፤ በሐኪም ላይ የነበረው እምነትም ተሸርሽሯል። ኬሞ ክፍል የሚገባው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው።

ዕድሜው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። ሰው የሚመረቀው፣ የመጀመሪያ ደመወዙን የሚቀበለው፣ ቤት ተከራይቶ ከወላጆቹ የሚወጣው፣ የሚተጫጨው በእነዚህ ዓመታት ነው። ሕመሙ ይህን ሁሉ በአንድ ወር ውስጥ ያስቆመዋል። ልጁ የተከራየውን ቤት ለቆ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። ለቤተሰቡ ብር ይልክ የነበረ ሰው የታክሲ ይለምናል። ሲደክመው እናቱ ገላውን ታጥበዋለች። «ከመርፌው ይልቅ ይህ ነው ያመመኝ» ሲሉ የሰማኋቸው ወጣቶች ጥቂት አይደሉም።

በዚህ ላይ የበሽታው ስም አለ። በእኛ አገር ካንሰር ሲባል ለሰው የሚታየው መቃብር ነው። ምክንያቱም የምናውቃቸው ታማሚዎች አብዛኞቹ ሐኪም ዘንድ የደረሱት በሽታው ከተሠራጨ በኋላ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ስለነበር ወረፋው ወራት ያስጠብቅ ነበር፤ ሲጠብቁ የባሰባቸውም ነበሩ። ዛሬ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች ሕክምናው ተጀምሯል፤ ፍርሃታችን ግን አሁንም ያኔው ላይ ቆሟል።

ከዚያ ፍርሃት አጠገብ የሚቀመጥ ሌላ እውነት አለ። ቶማስ ሆጅኪን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1832 እ.ኤ.አ. በስሙ ስለተጠራው በሽታ ሲጽፍ የሚያዝለት መድኃኒት አልነበረም። ከ100 ዓመት በላይ እንዲያው ቆየ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አራት መድኃኒቶች ተቀናጅተው መሰጠት ሲጀምሩ በሽታው የተሠራጨባቸው ሰዎችም መዳን ጀመሩ። ዛሬ ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች በሆጅኪን ሊምፎማ ከተያዙ 10 ሰዎች 9ኙ ገደማ ከ5 ዓመት በኋላም በሕይወት አሉ። የወንድ የዘር ፍሬ ካንሰርም እንዲሁ ነው። በሰውነት ውስጥ ከተሠራጨ በኋላ ወጣቶችን የሚጨርስ በሽታ ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዶክተር ላውረንስ አይንሆርን ሲስፕላቲን የተባለውን መድኃኒት ከሌሎች ሁለት ጋር አቀናጅተው ሞከሩት። ከመጀመሪያዎቹ ታማሚዎቻቸው አንዱ ጆን ክሊላንድ የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ከዚያ በፊት የተሰጠው ሕክምና ሁሉ አልያዘለትም ነበር። ዳነ፤ መምህርም ሆነ። ሲስፕላቲን ዛሬ በእኛም ሆስፒታሎች የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ለመቸርቸር አይደለም። የማይድን ካንሰር አለ፤ ዘግይቶ የተገኘ አለ፤ መድኃኒቱ ከገበያ የጠፋበትም አለ። የምለው፣ አንዱ ካንሰር ከሌላው በጣም ስለሚለያይ ታማሚው የራሱን ማወቅ አለበት ነው። የእኔ ዓይነቱ የቱ ነው? የት ደርሷል? የሕክምናው ዓላማ ማዳን ነው ወይስ ማቆየት? ይህን ያላወቀ ልጅ በጎረቤቱ አክስት ሞት ሲፈራ ያድራል።

ታዲያ ማን ይንገረው? እዚህ ላይ ከቤተሰብ ጋር እንጋጫለን።

አንድ አባት ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው «ሲስተር፣ እስቲ አንዴ ላናግርሽ» ይሉኛል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጁ አያውቅም፤ የደም ማነስ ነው ብለነዋል። አደራሽን፣ ከአንቺ አፍ እንዳይወጣ» ይላሉ። ልጁ 23 ዓመቱ ነው፤ ምህንድስና ተመርቋል። ወደ ውስጥ ስገባ ልጁ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ በሹክሹክታ «ሲስተር፣ የመድኃኒቶቹን ስም ጎግል ላይ አይቼዋለሁ። አባዬ ግን እንዳወቅሁ ካወቀ ይሰበራል፤ አትንገሪው» ይለኛል። አባት ለልጁ፣ ልጅ ለአባቱ ሲጠነቀቁ ሁለቱም ሌሊቱን ለየብቻ ያለቅሳሉ። ይህን ዓይነቱን ነገር ደጋግሜ አይቻለሁ።

እኚህን አባት ኋላ ቀር ናቸው ብዬ አልፈርድባቸውም። የውብዳር በየነ የተባሉ ኢትዮጵያዊት የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ በ1992 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሚታተም የሕክምና መጽሔት ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ጽፈዋል። በዚያ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ሐኪም ክፉውን ዜና ፊት ለፊት ለታማሚው ሲናገር ይደነግጡ ነበር። በእኛ ልማድ ክፉ ነገር ለቅርብ ዘመድ ወይም ለወዳጅ ይነገራል፤ እሱ ጊዜውንና ቦታውን መርጦ፣ ሰው አሰባስቦ ይናገራል። በምሽት አይነገርም፤ ብቻውን ለሆነ ሰው አይነገርም። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው። ሐኪም ቆሞ በሁለት ደቂቃ የሚወረውረው ዜና ምን ያህል እንደሚጎዳ አያቶቻችን ያውቁ ነበር።

ነገር ግን መርዶ የሚነገረው ሰው ከእንግዲህ ምንም ሊያደርግ የማይችል ነው፤ ሊያለቅስ ብቻ። ሕክምና የሚጀምረው ወጣት ግን ገና ብዙ የሚያደርገው ነገር አለ። ለወራት በየቀጠሮው ይመላለሳል፤ ትኩሳቱን ይለካል፤ ውሳኔ ላይ ይፈርማል። የደም ማነስ ነው የተባለ ልጅ ሁለተኛው የኬሞ ዙር ላይ ሲያስመልሰው «ለደም ማነስ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምሰቃየው?» ብሎ ቢቀር አይገርምም። የቀሩ አውቃለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? በሽታው ከራሱ የተደበቀበት ሰውማ እንዴት ይሆናል!

ስለዚህ መንገዱ ልማዱን ከነጥበቡ ይዞ ሥልጣኑን ለታማሚው መስጠት ነው። ውጤቱ ሳይነገረው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ «ውጤትህ ሲመጣ ምን ያህሉን ማወቅ ትፈልጋለህ? ማን አብሮህ ይሁን?» አንዱ «ሁሉንም ለእኔ ንገሩኝ» ይላል። ሌላዋ «ለታላቅ እህቴ ንገሯት፣ እሷ ትነግረኛለች» ትላለች። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የመረጡት እነሱ ናቸውና። ለአባትየውም «አባባ፣ እርስዎ አጠገቡ ሆነው ይስማ፤ ከሌላ ከሚሰማው ይሻላል» ስላቸው አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላሉ። የሚፈሩት እውነቱን ሳይሆን ልጃቸው እውነቱን ሲሰማ አለመኖራቸውን ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቀን ልውሰዳችሁ። ልጅቷ 26 ዓመቷ ነው እንበል። ጠዋት ደሟ ይታያል። ከዚያ ትመዘናለች፣ ቁመቷም ይለካል፤ የመድኃኒቱ መጠን የሚሰላው በሁለቱ ነውና። ክንዷ ላይ መድኃኒቱ የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ፣ ካኑላ፣ ይገባል። መጀመሪያ የማቅለሽለሽ መከላከያ ይሰጣታል። ቀጥሎ ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን መድኃኒት በሲሪንጅ ይዤ እመጣለሁ። ደም የመሰለ ቀይ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዓይኑ እሱ ላይ ያርፋል። በቀስታ ስገፋው «ካቃጠለሽ ወዲያው ንገሪኝ፤ አትታገሺ» እላታለሁ፤ ከደም ሥር ከወጣ ሥጋውን ያቆስላልና። ቀጥዬ «ዛሬና ነገ ሽንትሽ ቀይ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ነው፣ ደም አይደለም» እላታለሁ።

ይህች የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሳይነገራት ቤቷ የገባች ልጅ ግን ሽንት ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀይ ስታይ ምን እንደሚሰማት አስቡት። በአንጻሩ፣ የምትፈራውን ነገር አስቀድማ ስታውቀው ፍርሃቱ ልኩን ያገኛል። ስለዚህ የሚመጣውን ነገር በቀን በቀኑ እነግራታለሁ።

ኬሞ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ይገድላል። ካንሰሩ በፍጥነት ይባዛል፤ የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔም እንዲሁ። እነዚህ ጤነኞቹ እንዲያገግሙ ነው መድኃኒቱ በዙር የሚሰጠው፤ አንዳንዱ በየ14 ቀን፣ አንዳንዱ በየ21 ቀን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የማቅለሽለሽና የድካም ናቸው። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን አካባቢ ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል፤ ሰውነቱ ከበሽታ ራሱን መከላከል ይከብደዋል። ከዚያ ወዲህ ይመለሳል፤ ምግብም ይጣፍጣል። ይህን የጊዜ አካሄድ ያወቀ ሰው መጥፎውን ቀን «እየሞትኩ ነው» ብሎ አይተረጉመውም። የእህቱን ምርቃት፣ የጓደኛውን ሰርግ በየትኛው ሳምንት እንደሚችል ያሰላል።

አንድ ነገር ግን ማንም እንዳይረሳ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ያኔውኑ ሆስፒታል ይሂድ። ፓራሲታሞል ውጦ እስኪነጋ መጠበቅ ሕይወት ያሳጣል። ቴርሞሜትር ከማንኛውም ፋርማሲ ይገዛል፤ ጠያቂ ከሚያመጣው ጭማቂ ሁሉ እሱ ይበልጣል።

ስለ ስሜት ልናገር መጥቼ ስለ ትኩሳት ማውራቴ ለምን ነው የሚል ይኖራል። ስሜትና ሰውነት አይለያዩም። ለማቅለሽለሽ ተብሎ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን እንቅልፍ ይነሳል፤ ሰውን ያቁነጠንጣል፤ ያናድዳል። ኬሞ በወሰደ ማግስት እናቱ ላይ የጮኸ ልጅ ራሱን «ክፉ ሆኛለሁ» ብሎ ሲኮንን አያለሁ። መድኃኒቱ እንደሆነ ሲነገረው ይተነፍሳል። ኪኒኑን ጠዋት ጠዋት መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ሲጠይቅ ደግሞ ሌሊቱ ይቀለዋል። ሌላም አለ፤ ከጥቂት ዙር በኋላ መድኃኒቱ ሳይጀመር፣ የሆስፒታሉ ሽታ ገና ሲሸተው የሚያስመልሰው ሰው ይኖራል። ወጣቶች ላይ ይበረታል። ምናብ ወይም ማስመሰል አይደለም፤ አእምሮ ሽታውንና ስቃዩን ስላያያዛቸው ነው። ለዚህም መድኃኒት አለው፤ ከተነገረ።

ከመጀመሪያው ዙር በፊት መጠየቅ ያለበት፣ ግን ማንም የማያነሳው ጥያቄ ደግሞ አለ፤ የመውለድ ጉዳይ። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶችና በዳሌ አካባቢ የሚሰጥ ጨረር የወንድንም የሴትንም የመውለድ አቅም ሊጎዱ ይችላሉ። የወንድ ዘር ከሕክምናው በፊት ተወስዶ በቅዝቃዜ ሊቀመጥ ይችላል። የሴትም እንቁላል እንዲሁ፤ እሱ ግን ቀናትና ገንዘብ ይጠይቃል። አገልግሎቱ በየከተማው አይገኝም፤ በሽታው ጊዜ የማይሰጥበትም አለ። ቢሆንም ጥያቄው ይነሳ። ወላጅ ፊት ስለ ዘር ማውራት ያሳፍራል፤ ያላገባች ልጅ ስለ እንቁላል ብትጠይቅ ምን ይሉኛል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ እኛ የጤና ባለሙያዎች ወላጆችን ለ10 ደቂቃ ከክፍሉ አስወጥተን ልጁን ብቻውን ማነጋገር አለብን። ሁለት ዓመት ቆይቶ «ያኔ ብትነግሩኝ ኖሮ» ከሚለን ዛሬ ቢያፍር ይሻላል።

ከዚያ ፀጉሩ። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲሆን ትራስ ላይ መቅረት ይጀምራል። ወንዱ ተላጭቶ ኮፍያ ያደርጋል፤ ቅንድቡ እስኪረግፍ ድረስ ብዙም አይታወቅበትም። የሴቷ ግን ሌላ ነው። በአገራችን ጭንቅላቷን የተላጨች ሴት ሐዘንተኛ ናት። ሻሽ አስራ ታክሲ ስትገባ «ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?» የሚላት አይጠፋም። ስለዚህ ፀጉሩ ሳይረግፍ በፊት ምን እንደምታደርግ ራሷ ትወስን። አንዷ እህቷን ጠርታ ቀድማ ትቆረጠዋለች፤ ሌላዋ ዊግ ታዘጋጃለች፤ ሌላዋ እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ኬሞው ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። «ፀጉር ምን አላት፣ ዋናው ጤና ነው» አትበሏት። ታውቀዋለች። ብታለቅስ የምታለቅሰው መስታወት ውስጥ ለጠፋችው ራሷ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ብርታት ልናገር። ታማሚን «ጀግና ነህ፣ ታሸንፈዋለህ» ማለት ፋሽን ሆኗል። በደህና ቀን ደስ ይላል። ክፉው ቀን ሲመጣ ግን ሸክም ነው፤ ልጁ አልጋው ላይ ተዘርሮ እንኳ እኛን እንዳያሳዝን ጀግና መምሰል አለበትና። ካንሰር ደግሞ ለጀግና ብሎ የሚለቀው፣ ለፈሪ ብሎ የሚይዘው የለም። ፈርቶ፣ አልቅሶ፣ ተሳድቦ መድኃኒቱን በቀጠሮው የወሰደ ሰው ያደረገው በቂ ነው።

ወጣቶች ለእኔ ከሚነግሩኝ ስሜቶች ለቤተሰብ የማይነገሩት እነዚህ ናቸው። ቅናት፤ የጓደኞቹን የምርቃት ፎቶ ሲያይ ያንገበግበዋል። ጥፋተኝነት፤ ለእሱ ተብሎ በሬ ሲሸጥ፣ የእህቱ ትምህርት ሲቋረጥ «ባልኖር ይሻል ነበር» ይላል። በፈጣሪ ላይ ቁጣ፤ ይህን ለእናቱ ቢናገር እንደምትደነግጥ ያውቃል። ሌሊት የሚመጣ ፍርሃት። ሁሉም የተለመዱ ናቸው። ሲነገሩ ይቀላሉ፤ መልስ ግን አይፈልጉም። አድማጭ ይበቃቸዋል።

የማይበቃበት ጊዜም አለ። ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ መከፋት፣ ይወደው የነበረውን ነገር ሁሉ መጥላት፣ ሰው ማየት አለመፈለግ፣ ቀጠሮ መተው፣ ይልቁንም «መሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ድባቴ በሽታ ነው፤ ሕክምናም አለው። ከአእምሮ ሐኪም ወይም ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መነጋገር ማለት አብዷል ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የአእምሮ ሆስፒታሉን ስም ጠርቶ «አማኑኤል ሂድ» የሚለው አባባል ስድብ መሆኑ ስንቱን ከሕክምና እንዳራቀ እግዚአብሔር ይወቅ። ዛሬ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ኬሞውን ያዘዘው ሐኪም ወረቀት ጽፎ ሊልክ ይችላል። «መሞት ይሻለኛል» ያለን ልጅ ደግሞ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ስለ እምነት ሳልናገር ባልፍ ማንም አያምነኝም። በእኛ ዘንድ ታማሚ ከሐኪም በፊት ጸበል ሄዷል፤ ዱዓ አስደርጓል፤ ጸሎት ተደርጎለታል። ይህ ልብን ያሳርፋል፤ እኔም አማኝ ነኝ። ችግሩ የሚመጣው «ወይ ጸበሉን ወይ ኬሞውን» ሲባል ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ተሰውረው ከወራት በኋላ እብጠቱ ገዝፎ የተመለሱ አሉ። ይህ ጥያቄ በኤችአይቪ ጊዜም ተነስቶ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. በጊዜው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ለካንሰርም ይኸው ይሠራል። ኬሞ ላይ ያለ ሰው ስለ ጾሙም የንስሐ አባቱን ቢያማክር ይጠቅመዋል፤ በእስልምናም ታማሚ ከጾም ግዴታ ነፃ ነው። ጥቁር አዝሙድ፣ ዳማከሴ፣ ሌላም የባህል መድኃኒት የሚወስድ ካለ ለሐኪሙ ይንገር። አይቆጣም፤ ቢቆጣም ይንገር። ከመድኃኒቱ ጋር የማይስማማ ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ጓደኞቹ ልምጣ። መጀመሪያው ሳምንት ላይ 30 ሆናችሁ ትመጣላችሁ፤ አራተኛው ዙር ላይ ማንም የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ተከፋፈሉት። አንዱ ኬሞ ቀን ይዞት ይሂድ፤ አንዱ ካርድ ክፍል ይሰለፍለት፤ አንዱ የመሥሪያ ቤቱን የሕመም ፈቃድ ይከታተልለት። ጉንፋን የያዘው በስልክ ይጠይቅ። ነጭ ደሙ በወረደበት ሳምንት ለሰላምታ ጉንጭ መሳሳሙ ይቅር፤ ክትፎና ያልፈላ ወተትም ይዛችሁ አትምጡ፤ ምግቡ በደንብ የበሰለ ይሁን። ስትጠይቁት ስለ ኳስ፣ ስለ ሐሜቱ፣ ስለ ፈተናው አውሩለት። ሁሌ ታማሚ መሆን ይሰለቻል።

ሌላው ጉዳይ ፎቶ ነው። የሕክምና ገንዘብ ለማሰባሰብ ተብሎ የታማሚው ምስል ከባንክ ቁጥር ጋር በፌስቡክና በቲክቶክ ይለቀቃል፤ በውጭ ያለው ወገንም ጎፈንድሚ ይከፍታል። ስንቱ ሰው በዚህ መንገድ ታክሟል፤ ቅን ሥራ ነው። ግን ልጁ ተጠይቋል? ራሱን ስቶ በተኛበት፣ ራሰ በራ ሆኖ፣ ኦክስጅን ተሰክቶለት የተነሳው ፎቶ ከዳነ በኋላም ሥራ ሲያመለክት፣ ሲያገባ ይከተለዋል። የሚለቀቀውን ፎቶ እሱ ይምረጥ፤ ጽሑፉን እሱ ያንብበው። የምሥጢር ነው ካለ ዕድራችሁ፣ የሥራ ባልደረቦቻችሁ በዝምታ ያዋጡ። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡት ማረፊያ የሚሰጡ ማኅበራትም አሉ። አቶ ወንዱ በቀለ ትንሽ ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ በ2004 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አንዱ ነው። የሌላ ታማሚ ወሬም ከብር ይበልጣል፤ እዚያ የሚገናኙ ወጣቶች እኔ በመጽሐፍ የማላገኘውን ይነጋገራሉ።

በመጨረሻ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሕክምና ሊጀምር የተቃረበ ወይም የጀመረ ወጣት ሊኖር ስለሚችል ለእሱ ልናገር። የበሽታህን ስም ጠይቅ። ውጤትህን በእጅህ ያዝ፤ የወረቀቶችህን ፎቶ ስልክህ ላይ አስቀምጥ። ጥያቄ ሲመጣልህ ጻፈው፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ሁሉም ነገር ይረሳልና። አብሮህ የሚገባውን ሰው አንተ ምረጥ። የማትፈልገውን ጠያቂ «ዛሬ ደክሞኛል» ብለህ መልስ፤ ነውር አይደለም። ሲያምህ ተናገር፤ ነርስ የተቀመጠችው ለዚህ ነው። ዝም ብሎ የሚታገሥ ታማሚ ለእኔ ጎበዝ ታማሚ አይደለም፤ ምኑን እንደማክመው የማላውቀው ታማሚ ነው። አንቺም እህቴ፣ የነገርኩት ሁሉ ለአንቺም ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ውሳኔ ላይ ሲቀመጥ አጠገቡ ሁኑ፤ ወንበሩን ግን አትውሰዱበት። ገንዘቡን፣ ምግቡን፣ ጸሎቱን ከእናንተ ይፈልጋል። ሕመሙ ግን የእሱ ነው፤ በስሙ ሊጠራው፣ ሊጠይቅበት፣ ሊያለቅስበት ይገባል።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ሰው ፊት መጠየቅ የማትፈልጉ ደግሞ አዳራሹ እስኪዘጋ እዚሁ አለሁ።